ውሃው ቆዳችሁ ላይ እንጂ ብልቃጡ ውስጥ አይግባ

ጥር ላይ ነን። ባሕር ዳር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ፊት ይልጣል። ሽምብጥ ካለው ቤቴ ደጃፍ ስቆም ሐይቁ ይታየኛል። ያ ሁሉ ውሃ አጠገባችን ተኝቶ የእኛ ቆዳ አመድ መስሏል። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለዚሁ ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለቅባት ሰጥቼዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ቢሮ ነው የምሠራው። እግሬና ክርኔ ነጭ ነጭ ይላል። ሎሽን ጠዋት ተቀብቼ ከምሳ በፊት ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ጓደኛዬ ቦዲ በተር ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል አለችኝ። እውነት ይሠራል? እዚሁ ከተማችን በሚገኝ ነገር እንዴት ልሥራው?»

እህቴ፣ ይሠራል። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ቅባት ለቆዳ ውሃ አይሰጥም። ቆዳው ላይ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳይጠፋ ይከድናል። እንደ ድስት ክዳን ቁጠሪው። ባዶ ድስት ቢከደን ወጥ አይሆንም። ደርቆ የዋለ ቆዳ ላይ ቅባት መደረብም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ገላሽን ታጠቢ፣ ፎጣውን ሳትፈትጊ ጫን ጫን አድርጊው፣ ቆዳሽ ገና እርጥብ እንዳለ በ3 ደቂቃ ውስጥ ተቀቢ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢልኝ።

ሎሽንሽ ቶሎ የሚጠፋው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። ውሃው ሲተን የሚቀረው ቅባት ስስ ነው። ቤት ውስጥ የምንሠራው ቦዲ በተር ውስጥ ግን ጠብታ ውሃ የለም። ከዳር እስከ ዳር ቅባት ነው።

እኔ የምሠራበት መጠን ይህ ነው፦ 200 ግራም ሺያ በተር፣ 60 ግራም የሰሊጥ ዘይት፣ 40 ግራም የኮኮናት ዘይት። በሲኒ ሳይሆን በሚዛን ለኪው። የወጥ ቤት ትንሽ ሚዛን ከሌለሽ የሠፈርሽን ባለሱቅ ለምኚው።

ሺያ በተር ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት ነው፤ የውበት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ታገኚዋለሽ። ከጋናና ከቡርኪና ፋሶ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ። ዛፉ በእኛው አገር ጋምቤላ ውስጥም ይበቅላል። የዚያ ዝርያ ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል። እሱን ካገኘሽ የሰሊጡን ዘይት ወደ 40 ግራም አውርጂው። ቢጫ ሆኖ የጭስ ሽታ ያለው ያልተጣራው ነው። ነጭ ሆኖ ሽታ የሌለው የተጣራው ነው። ሁለቱም ይሆናሉ፤ እኔ ያልተጣራውን እመርጣለሁ።

ሰሊጥ ያልኩሽ በምክንያት ነው። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ደጃችን ላይ ነው። ዘይቱ በውስጡ ከመበላሸት የሚጠብቀው ነገር ስላለው ቶሎ አይሸትም። ሳይቆላ የተጨመቀውን ጠይቂ፤ የተቆላው ሽታ ልብስሽ ላይ ይቀራል። የኑግ ዘይትም ቆዳ ያለሰልሳል፣ ግን ቶሎ ይሸታል። በኑግ ከሠራሽ ጥቂት ጥቂት እየሠራሽ ቶሎ ጨርሺው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ አድርጊ። ከላዩ ጎድጓዳ ሳህን ገጥመሽ ሺያውን ጨምሪበት። እሳቱ ለስለስ ይበል። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ቢሆን ለሺያ ብዙ ነው፤ እሱ ከ40 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይቀልጣል። ውሃው እንዲንተከተክ አታድርጊ። እንፋሎቱ ወጥቶ ሳህኑ ውስጥ ጠብ እንዳይልም ተጠንቀቂ። ሲቀልጥ ዘይቶቹን ጨምሪና አውርጂው።

ከዚያ ማቀዝቀዝ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አያቴ አዴት አጠገብ በቅል ስትንጥ ልጅ ሆኜ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ቀኑ ከሞቀ ቅሉን ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበት ነበር። ወተቱ ከሞቀ ቅቤው አይሰበሰብም ትል ነበር። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ትኩሱን ብትመቺው ሲንቦጫረቅ ይውላል እንጂ አይነፋም። ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው ወይም ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይው። ዳር ዳሩ ሲረጋና መሐሉን በጣትሽ ስትጫኚው ምልክት ሲይዝ አውጪው።

አሁን በሚክሰር ምቺው። ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። ቀለሙ ይነጣል፣ መጠኑም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ብልቃጦችሽን ተለቅ ያሉ አድርጊ። መብራት ከጠፋ የእንቁላል መምቻ ሽቦም ያደርሳል፤ ልጆችሽን ተራ አስይዢያቸው።

አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ ይቀልጣል። ከመጋቢት ጀምሮ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ያማረው ቅባትሽ ቁም ሳጥን ላይ ዘይት ሆኖ ይጠብቅሻል። ለዚያ ወቅት የኮኮናቱን ወደ 25 ግራም ቀንሽና 15 ግራም ንጹሕ ሰም ጨምሪ። ሰም ከ62 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሙን ከሰሊጡ ዘይት ጋር አቅልጪ፣ ሺያውን መጨረሻ ላይ ክተቺ። ሰም ጧፍ ከሚሠሩ ሰዎች ታገኚያለሽ። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ካመጣሽ በውሃ አፍልተሽ በነጠላ ቁራጭ አጥልይው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። አንስተሽ ቀን ሙሉ አድርቂው፤ ከሥሩ የሚቀረው እርጥበት ሥራሽን ያበላሻል።

ሽታ ከፈለግሽ ከዕፅዋት የሚወጣውን የሽታ ዘይት (ኢሴንሻል ኦይል) ቅባቱ ለብ ሲል ጨምሪ። ለ300 ግራም 3 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 60 ጠብታ ገደማ፣ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። እኔ ከ30 ጠብታ አልፌ አላውቅም። ልጆችሽን የምትቀቢበት ከሆነ ምንም ሽታ አትጨምሪ። ሰውነትሽን ከመቀባትሽ በፊት የክርንሽን ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አለ። ብጉር የሚያወጣ ፊት ካለሽ ደግሞ ፊትሽን ተዪው። የኮኮናት ዘይት የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል።

«ቦዲ በተሬ መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ በሳምንቱ አሸዋ አሸዋ ማለት ጀመረ። ተበላሽቶ ነው? ልጣለው?»

አትጣይው። ሺያ ውስጥ ያሉት ቅባቶች እኩል አይረጉም። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚቀድሙት ተሰብስበው ፍሬ ይሠራሉ። እንደገና ሙሉ በሙሉ አቅልጪው፣ 20 ደቂቃ ያህል በሙቀቱ አቆይው፣ ከዚያ በረዶ በገባበት ውሃ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ፈጥነሽ አቀዝቅዢና ምቺው። ካልቸኮልሽ ደግሞ እንዳለ ተቀቢው፤ እጅሽ ላይ ይቀልጣል።

«ጤና ይስጥልኝ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ። እጄ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ታዲያ ለምንድን ነው ደርቆ የሚሰነጣጠቀው? መረብ ስስብ ይደማል። ሌላም ነገር አለ፤ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስወጣ እግሬን ያሳክከኛል። ባለቤቴ የምትሠራው ቅባት ለሁለቱም ይሆነኛል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል። አባቴም በታንኳ እንጨት ወደ ከተማ ያመላልስ ነበርና ያ እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ቆዳችን የራሱ ወዝ አለው። እጅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ያ ወዝ ታጥቦ ይሄዳል። ስትወጣ ፀሐዩና ነፋሱ የቀረውን ያደርቁታል። ከዚያ የዓሣውን ሽታ ለማስለቀቅ በልብስ ዱቄት ሳሙና ትታጠባለህ። እሱ ደግሞ የባሰውን ያመጣል። በገላ ሳሙና ታጠብ። ሽታውን መጀመሪያ በደረቅ የቡና አተላ እሸው፤ በደንብ ይለቃል። የተሰነጠቀውን ቦታ ግን አተላ አታስነካው።

ለአንተ የሚሆንህ የተመታው ለስላሳ ቅባት አይደለም። ወፈር ያለ ነው የሚያስፈልግህ። ባለቤትህ 25 ግራም ሰም በ100 ግራም የሰሊጥ ዘይት ታቅልጥልህ። መምታት አያስፈልግም፤ ቆርቆሮ ላይ አፍስሳ ታርጋው። ማታ እጅህን ታጠብ፣ ሳይደርቅ ወፈር አድርገህ ተቀባ፣ አሮጌ የጥጥ ካልሲ እጅህ ላይ አጥልቀህ ተኛ። ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ለውጡን ታየዋለህ። ጠዋት ግን ስስ አድርገህ ብቻ ተቀባ፤ መቅዘፊያው እንዳያንሸራትትህ። ስንጥቁ መግል ከያዘ ወይም ካበጠ ቅባቱን አቁምና ጤና ጣቢያ ሂድ።

የእግርህ ማሳከክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ቅባት እንድትቀባ አልመክርህም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ውሃው ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ሲገባ ያሳክካል፣ ከዚያ ማሳከኩ ይጠፋና ሰውየው ዳንኩ ይላል። ትሉ ግን ውስጥ ነው ያለው። አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ቆይቶ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደህ ከውሃ ጋር የምትውል መሆንህን ንገራቸውና የሰገራ ምርመራ ጠይቅ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ በክብደትህ ተለክቶ ይሰጥሃል። እምቦጭ ለመንቀል እስከ ወገባችሁ ውሃ ውስጥ የምትገቡ ወጣቶችም ይህን ለራሳችሁ አንብቡት። እስከ ወገብ የሚደርስ ቦት ጫማ የሌለው ሰው ቢያንስ በየጊዜው ይመርመር።

«ሰላም እትዬ። እዚህ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቦዲ በተር እየሠራሁ ለጓደኞቼ መሸጥ ጀምሬያለሁ። ተፈጥሯዊ እንዲሆን ትኩስ እሬትና የሎሚ ጭማቂ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ቫይታሚን ኢ ስለምጨምር አይበላሽም አይደል? አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ትንሽ እንድቀላቅልላት ጠይቃኛለች።»

ልጄ፣ በመጀመሪያ ሥራ መጀመርሽ ደስ ብሎኛል። ሦስቱንም አንድ በአንድ እንይ፤ ሦስቱም ላይ አታድርጊ ልልሽ ነውና ምክንያቱን ማወቅ አለብሽ።

እሬቱን እኔም አድርጌዋለሁ። ከ6 ዓመት በፊት ነው። ግቢዬ ውስጥ የበቀለውን ቆርጬ፣ ውስጡን ፍቄ፣ ከሺያው ጋር መታሁት። ሲያዩት የሚያምር፣ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል ነበር። አራት ብልቃጥ ሠርቼ አንዱን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። አራስ ነበረች። በዘጠነኛው ቀን የራሴን ስከፍት ከክዳኑ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ሻጋታ ነው። ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ እሷ ቤት ሮጥኩ። የእሷ ብልቃጥ ላይ ምንም አይታይም ነበር። እሱ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። ሻጋታ ይታያል፣ ባክቴሪያ ግን አይታይም። ሕፃኑን ቀብታው እንደሆነ ስጠይቃት «ነገ ልጀምር ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ሳስበው ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሕዋስያን ንጹሕ ቅባት ውስጥ መራባት አይችሉም። ውሃ ይፈልጋሉ። እሬት ደግሞ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። የጽጌረዳ ውሃም፣ ወተትም፣ ማርም፣ ትኩስ ቅጠልም ያው ውሃ ይዘው ነው የሚገቡት። ውሃ ያለበት ክሬም መሥራት ይቻላል፣ ግን ውሃና ቅባቱን የሚያዋሕድና ከተሕዋስያን የሚጠብቅ ነገር በትክክለኛ መጠን ይፈልጋል። ዶርም ውስጥ በግምት የሚሠራ አይደለም። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሸት ያግዛል። ተሕዋስያንን ግን አይገድልም። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው። ለ300 ግራም 3 ወይም 4 ካፕሱል ማፍሰስሽ ጥሩ ነው፣ ቀጥይበት፤ ከሻጋታ ያድነኛል ብለሽ ግን አትመኚበት።

እሬት የሚወዱ ደንበኞች ካሉሽ እንዲህ በያቸው፦ ትኩሱን እሬት መጀመሪያ ቆዳቸው ላይ ይቀቡ፣ ሳይደርቅ ቦዲ በተሩን ከላዩ ይደርቡበት። እሬቱ እርጥበቱን ይሰጣል፣ ቅባቱ ይከድናል። ብልቃጡ ውስጥ ሳይገናኙ ቆዳ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ዛሬ እኔ የማደርገው ይህንን ነው።

ቅጠል ማስገባት ካማረሽ ደግሞ የጥብስ ቅጠል በጥላ አድርቂ። ሲጨብጡት የሚፈረፈር ይሁን። ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈሽ ሁለት ሳምንት አቆይና አጥልይው። ሽታው በጣም ደስ ይላል።

ሎሚውንም ተዪው። ውሃ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ቀይ ይሆናል፣ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። በባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ አስቢው።

ስለሚያቀላው ክሬም፣ እምቢ በያት። በፍቅር፣ ግን እምቢ በያት። ብዙ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ስቴሮይድ በየቀኑ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ሲያቆሙት ፊት ደም መስሎ ቀይ ይሆናል፣ ይነድዳል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። አንቺ በእጅሽ ቀላቅለሽ ስትሰጪያት ኃላፊነቱ የአንቺ ነው። አሁን ያለው የቆዳዋ ቀለም የሚያምር መሆኑንም ንገሪያት። ከአንቺ ብትሰማው ደስ ይለኛል።

ለሽያጭ የሚሆነውን ልጨምርልሽ። ብልቃጡን አጥበሽ በፎጣ አታድርቂ፤ ደፍተሽ አሳድሪው። አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትቀር። ክዳኑ ላይ የገባበትን ነገር ሁሉ፣ የሠራሽበትን ቀንና ክብደቱን ጻፊ። ሰሊጥ መኖሩን በጉልህ ጻፊው። በእርጥብ እጅ እንዳይነኩት፣ በደረቅ ማንኪያ እንዲያወጡ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዳያስቀምጡት ንገሪያቸው። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ብልቃጥ ለራስሽ አስቀሪ። እሱ ሲሸት የሌሎቹም ጊዜ እንዳለፈ ታውቂያለሽ። ንጹሕ ዘይት ከሆነ ስድስት ወር ይቆይልሻል። ሥራው ከዶርም ወጥቶ ሱቅ ሲደርስ ደግሞ መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ ምን እንደሚያስፈልግ ቀድመሽ ጠይቂ።

«አማቴ ከገጠር መጥተው አብረውን ናቸው። የሰባት ዓመት ልጄን ለጋ ቅቤ ቀቢው፣ ይህ የምትመቺው ነገር ምን ያደርጋል ይሉኛል። ላስከፋቸው አልፈልግም። ልጁ ደረቱና ጀርባው ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለው፤ በላብ ጊዜ ይሰፋል።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ነጠብጣቡ። ቋቁቻ ይመስላል፣ ግን እኔ ሳላየው አልፈርድም። ቋቁቻ ከሆነ አምጪው ቅባት የሚወድ ፈንገስ ነው። ለጋ ቅቤም ሆነ የእኔ ቦዲ በተር እሱን መቀለብ ነው የሚሆነው። ደረቱንና ጀርባውን ምንም አትቀቢው። ጤና ጣቢያ አሳይው፣ በቀላል መድኃኒት ይድናል። እስከዚያው እግሩንና እጁን ብቻ ቀቢው።

ስለ ቅቤው አማትሽ አልተሳሳቱም። ሁላችንም እርግብግቢታችን ላይ ቅቤ ተደርጎልን ነው ያደግነው። ግን ቅቤ ንጹሕ ቅባት አይደለም። ውስጡ ውሃና የወተት ትራፊ አለ። ሰውነት ላይ ውሎ የሚሸተውም፣ ዝንብ የሚጠራውም ለዚህ ነው። እሳቸውን ሳታስከፊ ማስማማት ትችያለሽ። ቅቤ ለወጥ ሲነጠር ውሃው ተንኖ፣ አተላው ከሥር እንደሚቀር ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ይህም እንደ ተነጠረ ቅቤ ውሃ የሌለው ነው በያቸው። ከዚያ ሚክሰሩን ሳትነኪ የመምቻውን ሽቦ ስጪያቸው። እናቴን እንዲህ አድርጌ ነው ያስለመድኳት። ዛሬ ጸጉሯን ለጋ ቅቤ፣ እግሯን ሺያ ትቀባለች፤ ብልቃጧ ሲጋመስም ቀድማ የምትነግረኝ እሷ ናት።